እንግዳዬ ከ800 ሜትር እተኩሳለሁ ይላል፤ ምን ጠመንጃ ይዘህ ና ልበለው?

ሳቢያን ሰፈር፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ያለሁት ድሬዳዋ ነው። ሥራዬ ለአደን እንግዶች ማስተርጎምና ካምፕ ማሰናዳት ነው፤ አለቃዬ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝ ነው፣ ወቅቱ ሲደርስ ወደ አርሲ ደጋና ወደ አዋሽ ቆላ አብረን እንወጣለን። ዘንድሮ ከእንግዳ ጋር መጻጻፉን እኔ ላይ ጥሎታል። እንግሊዝኛዬን አይቶ እንጂ የጠመንጃ እውቀቴን አይቶ አይደለም።

የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ደጋ አጋዘን፣ ከዚያ ቆላ ወርዶ አምበራይሌ (ቀንዱ የተጠማዘዘ የቆላ አጋዘን) ይፈልጋል። የፈቃዱና የኮታው ጉዳይ በአለቃዬ በኩል ተጠናቋል። የቸገረኝ ደብዳቤው ነው፤ ሦስት ገጽ ይሆናል። በ6.5 ክሪድሞርና በ.300 ፒአርሲ በሚባሉ ሁለት የጠመንጃ ካሊበሮች መሃል እያመነታ ነው። መነፅሩ 25 ጊዜ ያቀርባል፣ ጥይቱን ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ ይሞላል፣ አገሩ ላይ በ800 ሜትር ብረት ሳህን ይመታል። "ከሩቅ ስለምተኩስ ብዙ መጠጋት አያስፈልገንም" ብሎም ጽፏል። አለቃዬ ይቺን ሳነብለት ሳቀና "በል አንተው መልስለት" ብሎኝ ሄደ።

ምን ልመልስ? የትኛውን ያምጣ? የእርሳሱ (ከጥይቱ ተወንጭፎ የሚሄደው ጫፍ) ዓይነት ለውጥ አለው? ቤት የተሞላ ጥይትስ ይዞ መግባት ይችላል? ሰውዬውን ሳላስቀይም የምጽፍለት ነገር ስጡኝ።

ቶርኖ ቤት፦

የኔ ልጅ፣ እኔ ሼመንደፈር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ነው ያረጀሁት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የአንድ አደን ካምፕ መኪናና ጀነሬተር እጠግን ነበር፤ ጠመንጃም ያው ብረት ነውና በዚያው ገባሁበት። እኔ ተኳሽ አይደለሁም። የተኳሾችን ብረት ግን ፈትቼ አይቻለሁ።

ሰውዬህ በ800 ሜትር ሳህን እመታለሁ ካለ ይመታል፣ አልክድበትም፤ የዛሬ መሣሪያ ያስችላል። ግን አቦ፣ ሳህን አይራመድም። 400 ሜትር ላይ እንኳ የ.30-06 (የታወቀ የቆየ የአደን ካሊበር ነው) እርሳስ እስኪደርስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በዚያች ጊዜ ሣር የሚግጥ አጋዘን አንድ እርምጃ ቢራመድ፣ ሳንባ ብለህ ያነጣጠርክበት ሆድ ይሆናል። ሳህን ጠርዙን ሲመቱት ይጮህና ነጥብ ይያዛል። ሆዱን የተመታ አጋዘን ግን አስታው (የደጋው ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ) ውስጥ ይገባል፤ ተከትሎት የሚገባው ደግሞ እንግዳው ሳይሆን የእናንተ ዱካ ተከታይ ነው። ደም ከታየ ሬሳው ባይገኝም እንደተገደለ ተቆጥሮ እንደሚከፈል ከአሁኑ በደብዳቤው ጻፍለት። ይቺ አንድ መስመር ከማንም ምክር በላይ ሰው ታስጠጋለች።

አሁን ቁጥር ልስጥህ፣ እንዲህ ያለ እንግዳ ቁጥር ይወዳል። .30-06፣ 180 ግሬን (12 ግራም ገደማ) እርሳስ፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ። በ200 ሜትር ነጥቡን እንዲመታ ካስተካከልከው 300 ላይ 25 ሴንቲ፣ 400 ላይ ከ70 ሴንቲ ትንሽ በላይ ይወርዳል። ያንኑ እርሳስ በ.300 ዊንቸስተር ማግነም በሰከንድ 900 ሜትር ብታስወጣው 400 ላይ የሚወርደው 60 ሴንቲ አካባቢ ነው። ማግነም ተብሎ ትከሻ የሚያሳብጠው፣ ባሩድ የሚበላው፣ ያተረፈልህ አንድ ስንዝር አይሞላም። በግምት "350 ነው" ብለህ 400 ሆኖ ቢገኝ ግን 25 ሴንቲ ትስታለህ። ስለዚህ ከጠመንጃው በፊት ደህና የሌዘር ርቀት መለኪያ ይዞ ይምጣ። ወደ ታች በተዳፋት ሲተኩስ ደግሞ ሌዘሩ ያለውን እንዳለ አይውሰድ፤ በ30 ዲግሪ ቁልቁል 300 ሜትር ያነበበውን እንደ 260 ይቁጠረው። አርሲ ላይ ሜዳ የለም።

ነፋሱ ነው የሚያስቸግረው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጎን ነፋስ፣ ሰኔ ላይ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አቧራ የሚያስነሳው እንኳ ከዚህ ይበልጣል፣ የ.30-06ን እርሳስ 400 ሜትር ላይ 35 ሴንቲ ያህል ይገፋዋል። ርቀት በሌዘር ይታረማል፤ ከገደል ወደ ገደል ስትተኩስ ሸለቆው መሃል ያለውን ነፋስ ግን ማን ይለካልሃል? አንተ የቆምክበት ቦታ ቅጠል አይነቃነቅም፣ መሃሉ ላይ ይነፍሳል።

እርሳሱ ላይ ግን አትለፈው፣ እዚህ ጋ ብዙ እንግዳ ይሳሳታል። ለሩቅ ተብለው የሚሠሩት ረጃጅም ሹል እርሳሶች አየር ይሰነጥቃሉ፣ ሽፋናቸው ግን ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ሩቅ ላይ ፍጥነታቸው ቀንሶ ሲደርሱ ደህና ይከፈታሉ። ደጋ ላይ ግን አስታውን ዞር ስትል ኮርማው 60 ሜትር ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። ኮርማው 250 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። በዚያ ቅርበት ፍጥነቱ ገና ስላልቀነሰ ስስ እርሳስ ትከሻ አጥንት ላይ ተበትኖ ይቀራል። ስለዚህ መሃሉ በግድግዳ የተከፈለ እንደ ኖስለር ፓርቲሽን ያለ (እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚሠራ ነው፣ አርጅቷል የሚሉህን አትስማ)፣ ወይም እርሳሱና የመዳብ ሽፋኑ የተጣበቁ፣ ወይም እንደ ባርነስ ሙሉ መዳብ የሆነ ይሁን። ሙሉ መዳብ አይሰበርም፣ በጥልቀት ይገባል፤ ጉድለቱ ፍጥነት መፈለጉ ነው። በሰከንድ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ካለ አፉን በደንብ ላይከፍት ይችላል። ከላይ ያልኩህ .30-06 ደግሞ 400 ሜትር ላይ የሚደርሰው እዚያው 600 አካባቢ ሆኖ ነው። የሰውዬህ ወሰን እንግዲህ እዚህ ጋ ነው፤ የሚወስነው እርሳሱ የሚከፈትበት ፍጥነት ነው፣ የመነፅሩ ጉልበት አይደለም።

የበርሜሉን ዙርም (ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ መስመር በስንት ርዝመት አንዴ እንደሚዞር፤ እርሳሱን የሚያሽከረክረው እሱ ነው) ይጠይቅ። ረጅም እርሳስ ፈጣን ዙር ይፈልጋል፣ መዳብ ደግሞ ከእርሳስ ስለሚቀል ለእኩል ክብደት ይረዝማል። 6.5 ክሪድሞር በ8 ኢንች (20 ሴንቲ) አንድ ዙር ነው፤ እርሳሱ ሲወጣ በሰከንድ ከ4000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። እኔ ቶርኖ ላይ በደቂቃ 1500 ዙር ሳስነሳ አለቃዬ "ቀስ!" ይለኝ ነበር። የድሮው .270 በ10 ኢንች ስለሆነ ከ150 ግሬን ብዙ የሚያልፍ ረጅም እርሳስ አይይዝም። ስለዚህ "ከባድ ይሻላል" ተብሎ ከባድ ብቻ ተገዝቶ አይመጣም፣ በርሜሉ ይጠየቃል።

አሁን ቤት ስለተሞላው ጥይት። አንድ እንግዳ ሚኤሶን አለፍ ብለን ካምፕ ስንደርስ ወረቀት ላይ ልሞክር አለ። ጥይቱን በቀትር ላንድክሩዘሩ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ቀለሃው እጅ ያቃጥላል። አንዴ ተኮሰና መቀርቀሪያው አልነሳ አለ። በመዳፉ መታው፣ እምቢ። እኔ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ አስነሳሁት። ቀለሃውን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ካፕሱሉ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ጠርዙ ጠፍቶ ከነሐሱ ጋር እኩል ሆኗል፤ ቂጡ ላይ ደግሞ የማስወጫው ቀዳዳ ቅርጽ ክብ ሆኖ፣ እያብረቀረቀ ታትሞበታል። ነሐስ ወደ ቀዳዳው ፈሷል ማለት ነው። ብረት ለሚያውቅ ሰው ያ ምልክት "ከዚህ በኋላ አንድም አትተኩስ" ይላል። ሰውዬው ባሩዱን ቅዝቃዜ አገር ላይ ጫፍ ድረስ ሞልቶ ነው የመጣው። ባሩድ ሲሞቅ ፈጥኖ ይነዳል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ሙቀት ብዙ የማይቀይራቸው የባሩድ ዓይነቶች አሉ፣ ኤች 4350 የሚባለው አንዱ ነው፤ የእንግዳህ የትኛው እንደሆነ ጠይቀው። እነሱም ቢሆኑ ጫፍ ድረስ ተሞልተው ዳሽቦርድ ላይ አይጣሉም። ጥላ ውስጥ፣ ከተቻለ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ፣ ያለ በረዶ።

በተረፈ መነፅሩ። 25 ጊዜ ማቅረቡ ለሳህን ነው። አዋሽ ቆላ ከረፋዱ በኋላ አየሩ ይፈላል፤ በ25 ስታይ አምበራይሌው እንደ ጨርቅ ይርገበገባል። ታችኛው ቁጥር 2 ወይም 3 የሆነ፣ ላይኛው 10 ወይም 15 የሆነ ይበቃል። ብሎኖቹ ላይ ደግሞ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያድርግባቸው፤ ከኮረኮንች በኋላ ነጥቡ ከተሰነጠቀ ብሎኑ ዞሯል። ካምፕ እንደደረሰ ከሁሉ በፊት ወረቀት ላይ ይተኩስ።

ምርጫዬን ከፈለግክ፣ .30-06 ወይም .300 ዊንቸስተር ማግነም፣ አስተማማኝ እርሳስ፣ 300 ሜትር ላይ ጨርሰናል። .300 ፒአርሲ ጥሩ ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አዲስ ነው፤ ሻንጣው መንገድ ላይ ቢቀር ማን ጥይት ያበድረዋል?

ጀጎል፦

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። አብዛኛው ልክ ነው፣ 6.5 ክሪድሞሩን ግን በደንብ አልዳኙትም። እኔ ሐረር ነኝ፣ ውትድርና ላይ የተኩስ አስተማሪ ነበርኩ። ሰው የሚስተው በካሊበር ማነስ አይደለም፤ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ስለሚጨፍን ነው። ያ የሚመጣው ደግሞ ጠመንጃው ትከሻን የሚመታውን ምት ከመፍራት ነው። የ.300 ማግነም ምት የ6.5ን እጥፍ ያህል ነው። በዚያ ላይ እርስዎ ራስዎ ነፋስ ነው የሚያስቸግረው አሉ፤ እርሳስዎን 35 ሴንቲ የገፋው ነፋስ ረጅሙን የ6.5 እርሳስ የሚገፋው 25 አካባቢ ነው። ታዲያ ለምን ይጣላል? ሳንባውን የተመታ ማንኛውም እንስሳ አይሄድም።

ሌላ የረሱት አለ። ሰውዬው ሳህኑን የሚመታው በሆዱ ተኝቶ፣ ሁለት እግር ባለው መደገፊያ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ነው። ደጋ ላይ ግን ሣሩና አስታው ስለሚጋርደው ተኝቶ መተኮስ አይሆንለትም። ቁጭ ብሎ ወይ ቆሞ በሦስት እግር በትር ነው የሚተኩሰው፣ ያውም ዳገት ወጥቶ ልቡ እየደለቀ። ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ለጥይቱ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ከድሬ ይልቅ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል፤ ለሳንባ ግን መከራ ነው። ስለዚህ "ከመምጣትህ በፊት ደረጃ ሮጠህ ወጥተህ፣ ወዲያው ከበትር ላይ ተኩስ፤ አምስቱንም ጥይት በአንድ ሰሃን ውስጥ ያሳረፍክበት ርቀት ያ ነው ርቀትህ" በለው። ለብዙው ሰው 200 አይሞላም።

ቶርኖ ቤት፦

አስተማሪው፣ የበትሩ ነገር እውነት ነው፣ ተቀብያለሁ። 6.5ን ግን ለአምበራይሌ እፈቅድለታለሁ፤ አምበራይሌ 100 ኪሎ ቢሆን ነው። ለደጋ አጋዘን ኮርማ ከ250 ሜትር በላይ አልፈቅድም። "ሳንባውን ከተመታ" አልክ፤ እኔ የማስበው ሳንባውን ሳይሆን ትከሻውን ሲመታ ነው። ጠመንጃ የሚመረጠው ለጥሩዋ ተኩስ አይደለም አቦ።

ጀጎል፦

250 ካሉማ ተስማማን፤ እኔም ከዚያ በላይ አላስተኩስም ነበር።

ገንደ ቆሬ፦

ይሄን ሁሉ ከምትሉ ባቢሌ አጠገባችሁ አይደል እንዴ? ዝሆን አለ፣ አንበሳ አለ፣ እዚያ ውሰዱት።

ሳቢያን ሰፈር፦

ባቢሌ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ለዝሆኑ የተከለለ መጠለያ ነው ወንድሜ። አደን የለበትም። እኛ የምንሠራው የአደን ቀጠና ተብሎ በተከለለ ቦታ፣ በኮታ ነው።

የጭነት ክፍሏ፦

አየር መንገድ ጭነት ላይ ስለሠራሁ የሻንጣውን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ጥይት በእጅ ሻንጣ አይታሰብም። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ለአንድ ሰው ከነማሸጊያው እስከ 5 ኪሎ ነው የሚፈቀደው፣ እሱም አየር መንገዱ አስቀድሞ ሲፈቅድ። ባሩድ ለብቻው፣ ካፕሱል ለብቻው ይዞ መሳፈር ፈጽሞ አይቻልም፤ "እዚያ ደርሼ እሞላለሁ" ካለህ ያኔውኑ አስቁመው። ቤት የተሞላውን ጥይት በተመለከተ አንዳንድ አየር መንገድ የፋብሪካ ማሸጊያ ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ የሚሳፈርበትን ሁሉ፣ መሃል ላይ የሚቀይረውንም ጨምሮ፣ በጽሑፍ ይጠይቅ። የቃል መልስ ቆጣሪ ላይ አይሠራም።

ሌላው፣ የመሣሪያ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ተከታታይ ቁጥርና ካሊበር በርሜሉ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ ፊደል እንዳይለያይ። ጥይቱ ቂጥ ላይ የተጻፈውም እንዲሁ። ቤት የሚሞሉ ሰዎች አንዳንዴ የሌላ ካሊበር ቀለሃ አጥበው ወይ አስፍተው ይጠቀማሉ፤ ቂጡ ላይ ሌላ ስም፣ ፈቃዱ ላይ ሌላ ስም ሲሆን ፈታሹ ምን ያድርግ? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁ 1177/2012 ጥብቅ ነው፣ ፈታሽን አትፍረዱበት። ለማንኛውም የፋብሪካ ጥይት ይዞ ቢመጣ ሁላችሁም ትገላገላላችሁ።

ደንገጎ፦

ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ልበል። የአያቴ ቤልጅግ ጠመንጃ ቤት አለ፣ በሕግ የተመዘገበ ነው። መነፅር ቢገጠምለት ለእንዲህ ያለ ነገር ይሆናል?

ቶርኖ ቤት፦

የኔ ልጅ፣ ቤልጅግ የማውዘር አሠራር ነው፣ ጥይቱ 7.92 በ57 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ዛሬም ይታደንበታል፣ በጉልበት ከ.30-06 ብዙ አያንስም። ግን መቀርቀሪያው እጀታ ቀጥ ብሎ ስለሚነሳ ከመነፅር ጋር ይጋጫል፤ መታጠፍ አለበት፣ መነፅር ማሰሪያውም በብረቱ ላይ ቀዳዳ ይፈልጋል። ያ ብረት ላይ ላዩን ብቻ ጠንካራ ተደርጎ የተነከረ ነው፣ ልቡ ለስላሳ ነው። በእሳት አሙቀህ ብታጣጥፈው ጥንካሬው ይሄዳል፣ እንዳይሆን እንዳይሆን ይሆናል። የአያትህ ነው፣ ዘይት ቀብተህ እንዳለ አስቀምጠው። እኔ ዘንድ አምጥተኸው ብትለምነኝም አልበሳውም።

ሳቢያን ሰፈር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የላክሁለት ይኸው፣ በአማርኛ አሳጥሬ፦ "ክቡር እንግዳችን፣ ደጋ አጋዘኑን ከ250 ሜትር በላይ አናስተኩስም፤ አምበራይሌውን እስከ 300። የቆሰለ እንስሳ ባይገኝም ይከፈልበታል። 6.5 ክሪድሞርዎን ይዘው ይምጡ፣ በሚያምኑበት ይተኩሱ፤ ከተቻለ ግን ለኮርማው .30-06 ወይም .300 ዊንቸስተር ማግነም ቢጨምሩ እንመርጣለን። የፋብሪካ ጥይት፣ እርሳሱ የተጣበቀ ወይም ሙሉ መዳብ። ከበትር ላይ ቆመው ይለማመዱ።" የ250ውን ነገር አለቃዬ አንብቦ "200 ብትለው ይሻል ነበር" አለ፣ ግን ተልኳል።

መልሱ ማታ መጣ። አልተቀየመም። .30-06 አባቱ ትቶለት ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፣ እሱን አመጣለሁ አለ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ደረጃው ስንት ፎቅ ይሁን?" ጀጎል፣ ምን ልበለው?

ጀጎል፦

አራት ፎቅ። ሳይቆም። በትሩ ከላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው።

ሳቢያን ሰፈር፦

እሺ። ቶርኖ ቤት፣ ጋሼ፣ ሰውዬው ድሬ ሲደርስ የመነፅሩን ብሎኖች ቢያዩልን ደስ ይለናል። ከዚራ ነው ቤትዎ አይደል?

ቶርኖ ቤት፦

ከዚራ ነው። የብሎን ቁልፉ የእሱ ይሁን፤ የእነሱ ልክ በኢንች ነው፣ የእኔ በሚሊሜትር። ከ11 ሰዓት በፊት ግን አትምጡ፤ ሙቀቱም አይለቅም፣ እኔም ከበርጫ አልነሳም።